ስም የማይጠራበት አግዳሚ

በታይፕ በኖርኩባቸው ዓመታት ያልተሳሳትኩት ነገር የለም። ቀን ተሳስቻለሁ፣ ከሳሽን ተከሳሽ አድርጌ አውቃለሁ። አንዴማ በሬ ጠፋብኝ ብሎ የመጣን ገበሬ በሬ ሰርቋል ብዬ ጽፌበት፣ ሰውየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር። ሁሉም ታርሟል። ሳልሳሳት፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳልገድፍ የጻፍኩት አንድ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

አብዮቱ ከፈነዳ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ከአሰበ ተፈሪ ወደ በደሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ገና ሃያ ዓመቴ ነው፤ ግን ጠረጴዛና ቁልፍ ያለው መሳቢያ ስለነበረኝ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። ፍርድ ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ከፊትም ከጀርባም በር ያለው ቤት ነው። በክረምት ጉሙ ከተራራው ይወርድና እስከ ጧቱ አራት ሰዓት ግቢው ውስጥ ይተኛል። ባለጉዳይ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል፣ ሰውየው ራሱ ዘግይቶ ይታያል።

ዳኛው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረው የመጡ፣ ሳል የማይለያቸው አዛውንት ነበሩ። አንድ ነገር ያንገበግባቸዋል። ሰርቆ የተያዘ ልጅና ከቤቱ ሸሽቶ የተያዘ ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። «አንዱ ሰው በድሏል። ሌላው ምን አደረገ? በእግሩ ሄደ እንጂ!» ይላሉ። ስለዚህ ማንንም ሳያስፈቅዱ ችሎቱን ለሁለት ከፈሉት። ሐሙስ ሐሙስ ጧት የሰረቁና የተደባደቡ ልጆች ጉዳይ በፊተኛው ክፍል ይታያል። እሱ ሲያልቅ ዳኛው ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው፣ ቀድሞ የተያዘ ከሰል ይከማችበት ወደነበረው ወደ ኋለኛው ክፍል ይገባሉ። እዚያ የሚሰሙት የሸሹትን፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ያሉትን፣ አባት እምቢ አለኝ ብሎ የከሰሳቸውን ልጆች ነው። ለእነዚህኞቹ በጀርባው በር በኩል ለብቻው አግዳሚ ተሠራላቸው።

የኋለኛው አግዳሚ አንድ ልዩ ደንብ ነበረው። ስም አይጠራበትም። ከፊት ለፊት ተላላኪያችን በሩ ላይ ቆመው የልጁን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ሦስት ጊዜ ይጮሁታል፤ የፍርድ ቤት ወግ ነው። ከጀርባ ግን ኮቴያቸውን አጥፍተው ይመጡና የባለተራውን ትከሻ በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፣ በቃ። ዳኛው እንደሚሉት ስሙ ፍርድ ቤት በር ላይ የተጠራ ልጅ እስኪያረጅ ድረስ በዚያው ይታወቃል። እኔም በዚህ ደንብ እኮራ ነበር። የሚፈራ ልጅ ሳይ ጠጋ እልና «አይዞሽ፣ እዚህ ስምሽን ማንም አይጠራውም» እላለሁ፤ ለወንዱም አይዞህ ብዬ ያንኑ። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ትንፋሻቸው ይመለሳል።

ችግሩ፣ ያን ጊዜ ችግር መሆኑ ያልገባኝ ነገር፣ ሕጉ ነበር። ጥፋት ስላጠፋ ልጅ ሕጉ ብዙ ይላል። ዳኛው ሊገሥጹት፣ ወይም አባትና እናቱ ዘንድ ባይመለስ ይሻላል ካሉ ለአንድ የታመነ ሰው በአደራ ሊሰጡት ይችላሉ። ምንም ስላላጠፋ ልጅ ግን ሕጉ ዝም ነው። ስለዚህ ከኋለኛው ክፍል የሚወጣው ትእዛዝ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ወላጅ ይጠራል፣ ይመከራል፣ ይፈርማል፣ ልጁን ይዞ ይሄዳል።

ልጅቷ የመጣችው ጉም ባለበት ሐሙስ ነው። ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የድሬዳዋውን ባቡር ስትጠብቅ ተይዛ፣ ከአንዱ ፖሊስ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ሰንብታ እኛ ዘንድ ደረሰች። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መዝገብ እፈልጋለሁ፣ ሲሚንቶው ላይ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማሁና «አንዳችሁ ውጭ ቆዩ» አልኩ። ዞር ስል ብቻዋን ናት። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እግሯ ላይ ግን የትልቅ ሴት ኮንጎ ጫማ አጥልቃለች። ስትራመድ እግሯ ቀድሞ ይነሳል፣ ላስቲኩ ጫማ ቆይቶ ይከተልና ወለሉን ይመታል። አንድ እርምጃዋ ሁለት ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው። ምክንያቱን አይቼም ቢሆን ደስ አላለኝም። ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ በሩን አየሁ።

አባትየው ቀድሞ ደርሶ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ የሰጠውን ደብዳቤ አቀበለኝ፤ የልጅቷ ስም፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት፣ ለወላጅ አልታዘዝም ብላ የጠፋች፣ ይላል። ዕድሜው ሳቅ አሳቀኝ። የገጠር ደብዳቤ ላይ ዕድሜ ልክ ሆኖ አያውቅም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሃያ ተብሎ ሲመጣም አይቻለሁ። ዳኛው ልጅቷን አይተው «በግምት አሥራ ሦስት ብለሽ አርሚው» አሉኝ፣ አረምኩ። ዕድሜውን አረምነው፤ ስሙን ተውነው።

ተራዋ እስኪደርስ ኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ በተከፈተው በር በኩል እኔን ታያለች። መሠረተ ትምህርት ተምራ ኖሮ ፊደል ትለያለች፣ አማርኛም ትሞካክራለች። ድንገት ተነሥታ በዚያ ባለ ሁለት ኮቴዋ መጣችና፣ ታይፑ ላይ በተወጠረው ወረቀት ስሙ የተጻፈበት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ጣቷን አላነሣችም። እኔ ምን መሰለኝ? ስሜ ፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሰፈረ ብላ ያፈረች መሰለኝ። ስለዚህ ጣቷን ቀስ ብዬ አነሣሁላትና ያችን የለመድኳትን አልኩ፤ «አይዞሽ፣ እዚህ ስምሽን ማንም አይጠራውም።»

ሌሎቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይረጋጋሉ አልኩ አይደል? እሷ ግን ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁት። በዚያው ቅጽበት ከፊት በኩል ተላላኪያችን ሰርቆ የተያዘ የአንድ ልጅ ስም ሲጣሩ ተሰማ። ጆሮዋን ወደዚያ አዞረች።

«ያ ልጅ ምን አደረገ?» አለችኝ።

«ሰረቀ።»

«ቤቱ ይመልሱታል?»

«እሱን? ዳኛው ወላጆቹን ካላመኑ አይመልሱትም፤ ሰው ዘንድ ያስቀምጡታል» አልኳት፣ ሌባ መሆን ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ላስተምራት ብዬ።

ሽማግሌው ተላላኪ መጥተው ትከሻዋን ነካ አደረጉ። ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ማንበብ የማይችሉ፣ ግን ችሎቱን በኦሮምኛ የሚያስተረጉሙ ሰው ናቸው። ወደ ክፍሉ ስንገባ እጃቸውን በኩታቸው ሲጠርጉ አየሁ። ከሰሉ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ግድግዳው ግን አሁንም ጥቁር ነው፣ ሰው ሲደገፈው ልብሱ ላይ ይተዋል።

ዳኛው በለሰለሰ ድምፅ ለምን እንደሸሸች ጠየቋት። ቆይታ መለሰች፣ ሽማግሌው አስተረጎሙ። «እዚያ ቤት እኔ ቦታ የለኝም ትላለች፣ ጌታዬ።»

«ቦታማ አለሽ፤ አባትሽ ይኸው ሊወስድሽ መጥቷል» አሉ ዳኛው።

አባትየው ከገባ ጀምሮ ፊቷን አንድ ጊዜ እንኳ አላያትም። የሚያየው እግሯ ላይ ያለውን ጫማ ብቻ ነው። «ቦታዋ ተዘጋጅቷል» አለ፣ ጫማውን እያየ። ደብዳቤውን አሳይተው ልጅህ ይቺ ናት ወይ ሲሉት፣ «እሷ ናት» አለና አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ፈረመ። ትእዛዙን እኔ ጻፍኩት፤ ንጹሕ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለበት ወረቀት። በጀርባው በር ወጥተው ጉሙ ውስጥ ገቡ። ሁለት ሰው ሄደ፤ ኮቴው ግን የሦስት ሰው ሆኖ እስኪርቅ ድረስ ተሰማኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ያለቁ መዛግብት ወደ አሰበ ተፈሪ ሊላኩ ነበር። እኔ ዝርዝሩን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ ሽማግሌው ተላላኪ ፋይሉን እያነሡ ሳጥን ውስጥ ይከታሉ። የልጅቷን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ሳነብ እጃቸው ቆመ።

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲጨንቃቸው ወደ ኦሮምኛ ይሄዳሉ።

ደገምኩላቸው።

«ይቺማ ሞታለች።»

«የለም፣ ያኔ በጀርባ በኩል የመጣችው ልጅ እኮ ናት። ትከሻዋን እርስዎ ነክተው አስገቧት።»

«ወላሂ ሞታለች! ባለፈው ዓመት በወሊድ ነው የሞተች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ፣ በዚህ እጄ አፈር አልብሼአታለሁ» አሉና እጃቸውን አዩት። እኔም እጃቸውን አየሁ። የጀርባው በር ክፍት ነበርና ሄጄ ዘጋሁት። በጠራራ ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ እያለ፣ በሩን እንደ ሌባ ዘጋሁት።

ከዚያ ሽማግሌው ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብለው ቀስ በቀስ አስረዱኝ። የአባትየውን ፊት በቀብሩ ግርግር ልብ አላሉትም እንጂ፣ ሟቿ ታናሽ እህት ነበረቻት፤ እኛ ዘንድ የመጣችው እሷ መሆን አለባት። በአንዳንድ ቤት ሚስት ስትሞት በምትኳ ታናሿን ለባልየው መስጠት አለ። «ይኼ አለ፤ ስም ጭምር ማልበስ ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ያ ረቢ!» አሉ። እናትየው ከቀብሩ ወዲህ ልጄ ሞተች አትልም፤ ለታናሿ የሟቿን ልብስና ጫማ አልብሳ በሟቿ ስም ትጠራት እንደነበር ሰዎች ሲያወሩ ሰምተዋል። ባልየውም ጎረቤቱም ለመዱት። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ደግሞ ሟቿ ለጋብቻ የደረሰች ሴት ናት፤ ታናሿን በእሷ ስም ቢድሯት ማንም ዕድሜ አይጠይቅም። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ነው፤ ያኔ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

ጣቷ ወረቀቱ ላይ ምን ሲል እንደነበር የገባኝ እዚያች ላይ ነው። ይቺ እኔ አይደለሁም ማለቷ ነበር። እኔ ምን አልኳት? ስምሽን ማንም አይጠራውም። ከቤቷ የሸሸችበትን ነገር ነበር እንደ ማጽናኛ የነገርኳት። ሽማግሌው ማንበብ ቢችሉ፣ ወይም በጀርባ በኩል እንደ ፊት ለፊቱ ስሙ አንዴ ጮክ ብሎ ቢጠራ፣ ያን ጊዜውኑ ይቺማ ሞታለች ይሉ ነበር። በደግነት የደነገግነው ደንብ ሬሳ ደብቆ አሳለፈ። አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ ፈራሁ።

ዳኛው ነገሩን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ሳሉ። ከዚያ ልጅቷን አቅርቡ ብለው ለገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ግን በማን ስም? የእሷን እኛ አናውቀውም፤ ሽማግሌውም የሚያውቁት የተቀበረችዋን ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ ባለው ስም ጻፍኩት። ረመዳን ከገባ በኋላ መልሱ መጣ፣ ክብ ማኅተም ያለበት። እንድትቀርብ የታዘዘችው ሴት በሞት የተለየች ስለሆነ ለማቅረብ አለመቻላቸውን ይገልጻሉ፤ ከታች እንደ ደንቡ «እናት አገር ወይም ሞት» ብለው ዘግተውታል። መቼ እንደሞተች አልጻፉም።

እንግዲህ የትኛዋ ናት? ባለፈው ዓመት የሞተችዋን እያሉን ነው ወይስ እኛ የመለስናትን? ዳኛው ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡትና መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፤ በሚቀጥለው ሐሙስ አመመኝ ብለው ቀሩ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዬን ለበሩ መስጠት አልቻልኩም። በጠራራ ፀሐይ፣ ባለጉዳይ ግቢውን ሞልቶት፣ ሲሚንቶው ላይ አንድ ሰው ሲራመድ ሁለተኛውን ኮቴ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ለሽማግሌው ስነግራቸው ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። የኋለኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ልጆች እንዳይቀመጡ ውሃ መቅጃውን ጀሪካን ማስቀመጥ ጀምረው ነበር። ያቺ ልጅ የተቀመጠችበት ቦታ ነው።

ረመዳን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ፣ አንድ ፖሊስ የሌቦቹን ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ እየሳቀ አወራኝ። ትናንት ገበያ ላይ አንዲት ልጅ ይዘዋል። አባቷ ለሠርጓ ልብስ ሊገዛላት ጨርቅ ተራ ሲከራከር ትታው ወደ ጫት ተራ ሄደች። አንድ እስር ጫት አነሣችና አልሮጠችም፤ ባለ ጫቷ አጠገብ ቆመች። ነጋዴዋ አይታ እንዳላየች ብትሆን ልጅቷ ጫቱን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። «አቦ፣ ተይው፣ ውሰጂው፣ ምሬሻለሁ!» ብትላት እምቢ፣ ፖሊስ ይጠራ አለች። ጣቢያ ስትደርስ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ አንድ በአንድ ተናገረችና፣ ፖሊሱ ጽፎ ሲጨርስ «አሳየኝ» አለችው። አየችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።

ፋይሉን ከፈትኩት። ስሙን አላውቀውም። የአባቷን ስም ግን አውቀዋለሁ፤ የአያቷንም።

ሽማግሌው ፊተኛው በር ላይ ወጡ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ስሙን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ጉም ነበር፤ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ያሉት ልጆች ጉልበታቸው እንጂ ፊታቸው አይታይም። ጮኹት። መልስ የለም። ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። ሁለተኛ ጠሩ። አሁንም ዝም። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው መዝገቡ ይዘጋል። ሞታለች፣ አልኩ በልቤ፤ የፖሊሱ ወሬ ሁሉ ሕልም ነው፣ ይቺም ሌላ ስም የለበሰች ሌላ ሟች ናት። ሽማግሌው አየር ሳቡና እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ ሦስተኛውን ጠሩ።

«አቤት!»

ባዶ እግሯን ከጉሙ ወጣች። ሲሚንቶው ላይ ስትራመድ አንድ ኮቴ፣ አንድ ብቻ ተሰማ። ከግቢው ዳር አባቷ ያን የላስቲክ ጫማ ታቅፎ ቆሞ ነበር፤ ስሙን ሲሰማ ኩታውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ዳኛው አንድ እስር ጫት የሰረቀ ልጅ ቀርቦ ከተግሣጽ በላይ ቀጥተው አያውቁም። ባለ ጫቷም ቀርባ ምሬአታለሁ፣ ልጅ ናት አለች። «አንቺ ብትምሪ ፍርድ ቤቱ አልማረም» አሏት፣ ልጅቷን ትኩር ብለው እያዩ። ሰርቀሻል ወይ? አዎ። ጥፋተኛ ነሽ። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። አባቷ ሠርግ ሊደግስላት እንደሆነ ተጠይቆ አልካደም። ዳኛው የታመነ ሰው ይቅረብና በአደራ ይረከባት አሉ።

እኔ ብቻዬን የምኖርበት ክፍል፣ ደመወዝም ነበረኝ። ታይፑን አየሁት፣ ፊደሎቹን ቆጠርኩ። እጃቸውን ያወጡት አምስት ልጅ ያላቸው፣ ከእኔ ያነሰ ደመወዝ የሚበሉት ሽማግሌው ተላላኪ ናቸው። «እኔ ቤት ትሁን፣ ጌታዬ» አሉ። ያን ቀን ዝም በማለቴ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

አባትየው ጫማውን ፊተኛው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ማንም አልነካውም፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ያዘ፣ አንድ ጧት ደግሞ የለም። ዳኛው በሚቀጥለው ሐሙስ ኋለኛውን ክፍል ራሳቸው ቆለፉት፤ ቁልፉን ለማንም አልሰጡም።

ልጅቷ ሽማግሌው ተላላኪ ቤት አደገች፣ ትምህርት ቤት ገባች። አንድ እሑድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ደጃፍ ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። አማርኛዋ ያን ጊዜ ከእኔ ይልቅ ፈጣን ነበር። ለዓመታት ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳት። መዝገቡ ሊዘጋ ነበር፣ የዚያን ቀን ባትቀርቢ አባትሽ ይወስድሽ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስትጠሪ ለምን ዝም አልሽ?

የያዘችውን ልብስ ጨመቀች።

«እህቴ ከሞተች ወዲህ ስሜን ማንም ጠርቶት አያውቅም ነበር» አለች። «አንዴ ብቻ ሰምቼ ልመልስ አላስቻለኝም።»